ፊቱን መሃል አድርጊው

ሰቆጣ ውስጥ ፎቶ ቤት ከፍተው ብዙ ዘመን የሠሩ አዛውንትና የፊዚክስ መምህርት የሆነች ወጣት ጎረቤታቸው ናቸው የሚነጋገሩት። ወንድሟ ከውጭ አገር አንዲት የፕላስቲክ ካሜራ ልኮላታል፤ ካሜራዋንና ያነሣቻቸውን ፎቶዎች ይዛ መጥታለች።

ባለፎቶ ቤቱ፦ እስቲ ወዲህ በያት። ውይ፣ እንዴት ቀለለች! ሌንሷም ፕላስቲክ ነው እንዴ?

መምህርቷ፦ ሌንሷም ገላዋም ፕላስቲክ ነው ጋሼ። ሆልጋ ትባላለች። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1982 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ነው መሠራት የጀመረችው። የታሰበችው ውድ ካሜራ መግዛት ለማይችለው ለተራው የቻይና ቤተሰብ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ሰዉ ወደ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም አዘነበለና እዚያ ገበያ አጣች። ፈላጊ ያገኘችው አውሮፓና አሜሪካ ነው። በ2015 መመረቷ ቆሞ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ጀመሩ።

ባለፎቶ ቤቱ፦ እዚያማ ደኅና ካሜራ ሞልቷል። ምን አዩባት?

መምህርቷ፦ ጉድለቷን ነው የወደዱላት። ጥጋጥጉ ይጨልማል፣ ዳር ዳሩ ብዥ ይላል፣ አንዳንዴም ብርሃን በስንጥቋ ሾልኮ ፊልሙ ላይ መስመር ይጥላል። ዴቪድ በርኔት የሚባል ስመ ጥር አሜሪካዊ የዜና ፎቶ አንሺ በ2000 የአል ጎርን የምርጫ ዘመቻ በሆልጋ አንሥቶ ተሸልሞበታል።

ባለፎቶ ቤቱ፦ ይኼ ነገር ቶሎ አይዋጥልኝም። እኔ ለጉድለት ገንዘብ ስመልስ ነው የኖርኩት። ጉርድ ፎቶ ሊነሣ የሚመጣው ገበሬ ከዝቋላ ወይ ከጻግብጂ አቀበት ቁልቁለቱን ወጥቶ ወርዶ ነው። ፎቶው ብዥ ካለ መታወቂያው አይወጣለትም። መታወቂያ ካላወጣ ደግሞ ስንት ጉዳዩ ይቆማል። ብዥ ያለ ፎቶ ለኔ የአንድ ሰው የመንገድ ድካም ነው።

መምህርቷ፦ ለዚህም ነው ሰው ፊት ይዣት ከመውጣቴ በፊት ጠባይዋን ላጥና ብዬ የተነሣሁት። እስቲ ምን ታወጣ ይሆን እያሉ በዘፈቀደ መጫን አልወድም። ትምህርት ቤት ሁለት የፊደል ገበታ ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ ለጥፌ ፊት ለፊት አነሣኋቸው። ይኸው ይመልከቱት።

ባለፎቶ ቤቱ፦ መነጽሬን አቀብይኝማ። አ፣ ከ፣ ኸ፦ መሃል ላይ ያሉት ጥርት ብለው ይነበባሉ። ካዕቡ ከሣልሱ ይለያል። ወደ ላይ ስትወጪ ሀ እና ለ ተንጋደዋል፣ ቅርጻቸው ፈሷል። ታች ፈ እና ፐም እንደዚያው። ጥጉማ ጨልሟል።

መምህርቷ፦ ምክንያቱ ሌንሷ አንድ ፍሬ ብቻ መሆኑ ነው። ደኅና ካሜራ ውስጥ አራትና አምስት መስተዋት ተደራርቦ አንዱ የሌላውን ስሕተት ያርማል። እዚህ አራሚ የለም። አንድ ፍሬ ሌንስ የሚሠራው ምስል እንደ ጎድጓዳ ሳሕን የጎበጠ ነው፤ ፊልሙ ግን ጠፍጣፋ ስለሆነ መሃሉ ሲገጥም ዳሩ አይገጥምም። አንድ ጊዜ ተነሥቶባቸው የሚጣሉት ካሜራዎች ውስጥ ይህን ለማካካስ ሲሉ ፊልሙን ራሱን አጉብጠው የሚያስቀምጡ አሉ።

ባለፎቶ ቤቱ፦ ይቺ የፀሐይና የደመና ሥዕል ያለባት ማንሸራተቻስ?

መምህርቷ፦ እሷንም ፈተንኳት። የኋላ ክዳኑን ከፍቼ፣ ሹተሩን «ቢ» ላይ አድርጌ እንደተከፈተ ይዤው ወደ መስኮት አየሁበት። ከፀሐይ ወደ ደመና ባደርጋት ቀዳዳው አይሰፋም፣ አይጠብም። የቀድሞዎቹ ሆልጋዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ቀዳዳው በአፐርቸር ቁጥር 13 ገደማ ነው፣ ሹተሩም ከመቶ አንድ ሰከንድ አካባቢ። ሁለቱም ንቅንቅ አይሉም።

ባለፎቶ ቤቱ፦ እንግዲያው ብርሃኑን የምትመርጪው ፊልሙን ስትገዢ ነው ማለት ነው። እኛ ዘንድ የቆየ ሕግ አለ። በጠራራ ፀሐይ አፐርቸሩን 16 ላይ ታደርጊና ሹተሩን ከፊልሙ ቁጥር ጋር ታስማሚዋለሽ፤ ለ100 ፊልም ከመቶ አንድ ሰከንድ። በዚህ ሂሳብ ይቺ ካሜራ ለ100 ፊልምና ለጠራራ ፀሐይ የተቆረጠች ናት።

መምህርቷ፦ በትክክል። ደመና ሲሆን ወይም ጥላ ውስጥ ስገባ 400 አጎርሳታለሁ። ጥቁርና ነጭ ኔጌቲቭ ብርሃን ሲበዛበት ይችላል፤ ሲያንሰው ነው የማይችለው። ስለዚህ ሲያጠራጥረኝ ሁልጊዜ ወደ ፈጣኑ ፊልም አደላለሁ።

ባለፎቶ ቤቱ፦ ብርሃን የሚሾልክባትስ በየት በኩል ነው?

መምህርቷ፦ ማታ መብራት አጥፍቼ ትንሽ የእጅ ባትሪ አብርቼ ሆዷ ውስጥ አስቀመጥኩና ክዳኑን ገጠምኩት። በጎንና በጎን ባሉት የብረት መያዣዎች ሥር ብልጭ ይላል፤ ከኋላ ደግሞ የፎቶው ቁጥር በሚነበብባት ቀይ መስኮት። አሁን ጠርዟን በጥቁር ፕላስተር ዙሪያዋን እሽጋታለሁ፣ መስኮቷንም ፊልም ሳዞር ብቻ ነው የምገልጣት። ሌላም አለ። ፊልሙ በዘንጉ ላይ ልል ሆኖ ከተጠቀለለ ከካሜራዋ ሲወጣ ዳሩ በፀሐይ ይቃጠላል። ከዘንጉ ሥር የታጠፈ ካርቶን ሳስገባ ጠበቅ አለ።

ባለፎቶ ቤቱ፦ ወደ አበርገሌ ወይ ወደ ተከዜ በረሃ ስትወርጂ ፊልሙን መኪና ውስጥ እንዳትተዪው። ሙቀት ከብርሃን ይብሳል፣ በቀስታ ነው የሚያበላሸው። በጨርቅ ጠቅልለሽ ከውኃ ኮዳሽ ጋር ያዢው።

መምህርቷ፦ እሺ። አሁን ደግሞ የሻደይ በዓልን ፎቶ ይመልከቱልኝ።

ባለፎቶ ቤቱ፦ ይቺ ታምራለች። ቀሚሱ፣ ከወገባቸው ያሰሩት ቅጠል፣ ከበሮው። ግን የልጆቹ ዓይን የት ሄደ? ጥቁር ጉድጓድ ብቻ ነው የማየው።

መምህርቷ፦ እኩለ ቀን ላይ ያነሣሁት ነው። ሻደይ ከነሐሴ 16 ጀምሮ አይደለም? ሰቆጣ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት፤ በዚያ ሰሞን ፀሐይም ወደ ደቡብ ስትመለስ 12 ዲግሪ አካባቢ ላይ ናት። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን ልክ አናታችን ላይ ትደርሳለች፣ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይገባል። ግንባር ዓይንን ይጋርደዋል። እዚህ የተወለደ ሰው ያን ፀሐይ በራሱ ቆዳ ያውቀዋል፤ ፊልም ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን ለብቻው መታየት አለበት።

ባለፎቶ ቤቱ፦ እኔ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሰው ደጅ አላነሣም ነበር። በር ላይ ነው የማስቀምጠው። ሰውየው ከደጃፉ ግማሽ ክንድ ወደ ውስጥ ገባ ይላል፣ ፊቱ ወደ ግቢ። ግቢው ነጭ አፈር ከሆነ ወይም ፊት ለፊቱ የድንጋይ ግድግዳ ካለ ብርሃኑ ከዚያ ተመልሶ ከታች ወደ ዓይኑ ይገባለታል። መብራት ሲጠፋ ጉርድ ፎቶ የማነሣው እንደዚያ ነበር፤ መብራት ደግሞ ምን ያህል ይጠፋ እንደነበር ታውቂያለሽ። ይቺ ካሜራ ባትሪ ትፈልጋለች?

መምህርቷ፦ ፍላሽ የሌላት ናት፤ ምንም አትፈልግም።

ባለፎቶ ቤቱ፦ እሱን ወድጄላታለሁ። ይኼኛውስ ምንድን ነው? አንዲት ልጅ ሦስት ቦታ ትታያለች።

መምህርቷ፦ ፊልሙን ሳላዞር ደጋግሜ የተጫንኩት ነው። ሹተሩና ማዞሪያው አይተዋወቁም፤ ፊልሙ ይዙር አይዙር ካሜራዋ ግድ የላትም። ሲረሱት ሁለት ፎቶ ይደራረባል፤ ሲያስቡበት ግን የከበሮ መቺዋን እጅ ወደ ላይ ሲሄድም ወደ ታች ሲወርድም በአንድ ፎቶ መያዝ ይቻላል። ብርሃኑ ስለሚደመር ከኋላ ጠቆር ያለ ነገር መኖር አለበት። ሰማይ ከሆነ ሁሉም ነጭ ሆኖ ይጠፋል።

ባለፎቶ ቤቱ፦ እሱንማ እኛም ሠርተነዋል። አንድ ሰው ከራሱ ጋር ተቀምጦ ሲጫወት፤ ግማሹን ሌንስ በጥቁር ወረቀት ሸፍነሽ አንዱን ጎን ታነሺና፣ ሰውየው ቦታ ቀይሮ ሲቀመጥ ሽፋኑን ወደ ሌላው ጎን አዙረሽ ትደግሚዋለሽ። ለሠርግ ደግሞ ሙሽሮቹን በልብ ቅርጽ ውስጥ ማተም። ከዚያም በፊት የሳጥን ካሜራ የሚባል ነበር፣ ባለ ጥቁር ጨርቁ። አንሺው እጁን በእጅጌ አስገብቶ እዚያው ሳጥን ውስጥ ወረቀቱን ያጥበዋል። የወጣው ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር የሆነ ምስል ነው። እሱን ከሌንሱ ፊት ለፊት ያቆምና መልሶ ያነሣዋል፤ ያን ጊዜ ትክክለኛው ፎቶ ይወጣል። ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፣ እርጥቡን ይዞ ይሄዳል። ያ ሁሉ ብልሃት የሚሠራው ግን ሰውየው ራሱን እንዲያገኝ ነው።

መምህርቷ፦ ይቺን ደግሞ ይዩዋት። ከሁሉም እሷን ነው የምወዳት።

ባለፎቶ ቤቱ፦ እማማ ናቸው፣ ከታች ሰፈር ያሉት። መሃሉ ላይ የድንጋዩ ግድግዳ አለ፣ እያንዳንዷ ድንጋይ ትቆጠራለች። እሳቸው ግን ዳር ላይ ናቸው። ፊታቸው ተንጋዷል። ነጠላቸውን ባላውቀው ኖሮ ማን እንደሆኑ አላውቅም ነበር።

መምህርቷ፦ ሆን ብዬ ነው ጋሼ። ግድግዳውን የሠሩት ባለቤታቸው ናቸው፤ አሁን በሕይወት የሉም። ግድግዳው ጸንቶ ሰው ሲያልፍ ማሳየት ፈልጌ ነው።

ባለፎቶ ቤቱ፦ ሐሳቡ ይገባኛል። እሳቸው አይተውታል?

መምህርቷ፦ ገና አላሳየኋቸውም።

ባለፎቶ ቤቱ፦ አንድ ነገር ልንገርሽ። የልዑል ዓለማየሁን ፎቶ ታውቂዋለሽ?

መምህርቷ፦ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ያነሣችውን?

ባለፎቶ ቤቱ፦ እሱን። በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1860 መቅደላ ወደቀች። የእንግሊዝ ጦር የራሱ ፎቶ አንሺዎች ነበሩት፣ የመሐንዲስ ክፍል ወታደሮች። ያን ጊዜ ፊልም የለም፤ መስታወት ነው። መስታወቱ መድኃኒት ተቀብቶ፣ ሳይደርቅ ተነሥቶ፣ ሳይደርቅ መታጠብ አለበት። መስታወቱን፣ መድኃኒቱን፣ ጨለማ ድንኳኑን ሁሉ በጭነት ከብት አስጭነው ነው በአሸንጌ በኩል፣ ከኛ በስተምሥራቅ ያለፉት። ሲመለሱ የሰባት ዓመቱን ልጅ ይዘውት ሄዱ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ መንገድ ላይ ሞተች፣ ጨለቆት ተቀበረች። ልጁ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ዋይት በሚባለው የእንግሊዝ ደሴት ካሜሮን ፊት ተቀምጧል።

መምህርቷ፦ ስለ እሷ ብዙ አንብቤያለሁ። የመጀመሪያ ካሜራዋን ያገኘችው በ48 ዓመቷ ነው፤ ልጇና የልጇ ባል የሰጧት ስጦታ ነበር። የዘመኑ ፎቶ አንሺዎች ፎከስ ማድረግ አትችልም ብለው ነቅፈዋታል። እሷ ግን ሌንሷን ስታዞር ምስሉ ለዓይኗ ካማረበት ቦታ ላይ ታቆማለች፣ እስኪጠራ ድረስ አትገፋበትም። ለኔ መምህሬ ናት። ሌንሶቿም ጉድለት ነበረባቸው፤ ጉድለቱን አውቃ ነው የሠራችበት። ዛሬ የዚያ ዘመን ጥርት ያሉ ፎቶዎች ስንቶቹ ተረስተው የእሷ ይታያሉ።

ባለፎቶ ቤቱ፦ ፎቶው ያምራል፣ አልክድም። ግን ልጁን አስቢው። አባቱ ሞቷል፣ እናቱ ሞታለች፣ አገሩ ርቋል። ለረጅም ሰከንዶች ሳይነቃነቅ ተቀመጥ ሲሉት ተቀምጧል። «የኔ ልጅ ፊት እንዲህ ሆኖ ይውጣ» የሚልለት አንድ ሰው አጠገቡ የለም። ምን ያህል ይጥራ፣ ምን ያህል ይደብዝዝ የሚለውን የወሰነችው እሷ ብቻ ናት። በ18 ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ ሞተ። እኔ የምፈራው ይህን ነው። ፎቶ የሚነሣው ሰው አፍ ከሌለው ውበቱን የምትወስኚለት አንቺ ነሽ፣ ሸክሙም ያንቺ ነው።

መምህርቷ፦ እማማ አፍ አላቸው።

ባለፎቶ ቤቱ፦ አላቸው፤ ስለዚህ ጠይቂያቸው። ደግሞ የኛ አገር ሌላም ነገር አለበት። ኮረም እዚሁ ጎረቤታችን ናት። ጥቅምት 13 ቀን 1977 የቢቢሲ ዜና ላይ የወጣው ፊልም የተነሣው እዚያ ነው። ካሜራውን የያዘው የኬንያው ሞሐመድ አሚን ነበር፣ የሚናገረው ማይክል በርክ። ያ ፊልም ዓለምን አስነሣ፣ እህል አስመጣ፣ ስንት ነፍስ አተረፈ። ሞሐመድ አሚንን አመሰግነዋለሁ፤ በኋላ እሱም በ1989 ኮሞሮስ አጠገብ በተከሰከሰው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ነው ያለፈው። ግን ከዚያ ወዲህ የዋግ ሰው፣ የላስታ ሰው፣ የራያ ሰው ፊት ለዓለም የችግር ፊት ሆኖ ቀረ። የዚያን ፊት ባለቤት ስም ማንም አይጠይቅም።

መምህርቷ፦ ተማሪዎቼም ኢንተርኔት ላይ አገራቸውን ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚያገኙት እሱን ነው። ቀጥሎ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይመጣል፣ የሕፃናት መቀንጨርን በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 2030 ለማጥፋት የታወጀው። እሱም መልካም ነገር ነው፤ ግን የከተማችን ስም ከችግር ጋር ብቻ ተሰፍቶ ሲቀር ያመኛል።

ባለፎቶ ቤቱ፦ እኔ ፎቶ ቤት ግድግዳው ላይ ኮትና ከረባት ተሰቅሎ ነበር። ሰውየው ከገበያ አህያውን አስሮ ይገባና ኮቱን ይለብሳል፣ ፀጉሩን በውኃ ያርሳል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እጅጌው ያጥርበታል፣ ግን ግድ የለውም። ማንም ያልመረጠለትን መልክ ራሱ መርጦ ነው የሚነሣው። ኔጌቲቮቹን በወተት ጣሳ አስቀምጫቸዋለሁ። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅለው እዚህ የመጡ ሰዎች አሉ፤ ቤቱም፣ ዕቃውም፣ አልበሙም እዚያ ቀርቷል። አንዳንዱ መጥቶ «የአባቴ ፎቶ እርስዎ ዘንድ ይኖር ይሆን?» ይለኛል። ያን ሰው ብዥ ያለ ነገር ሰጥቼ «ስሜቱ ነው» ልለው አልችልም።

መምህርቷ፦ አዲስ አበባ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 ቪንቴጅ አዲስ አበባ የሚል መጽሐፍ ወጥቷል፤ ከተራ ሰው አልበም የተሰበሰቡ የድሮ ፎቶዎች ናቸው። የርስዎ ጣሳ የዋግ መጽሐፍ ነው ጋሼ። እሱን ሌላ ቀን አብረን እንከፍተዋለን። ግን የሚሉትን ተቀብዬ አንድ ነገር ልመልስልዎ። እርስዎ የሚሉት ፊት ይጥራ ነው እንጂ ዓለም ሁሉ ይጥራ አይደለም፤ አይደል?

ባለፎቶ ቤቱ፦ ፊቱ ይጥራ። ተራራው ቢደበዝዝ ማን ይከሰኛል ብሎ።

መምህርቷ፦ ገበታውን ደግመው ይመልከቱት። ይቺ ካሜራ ጥርት አድርጋ የምታየው መሃሉን ብቻ ነው። ከመሃል ወጣ ያለ ሁሉ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ይጨልማል። ስለዚህ ሰውን መሃል ካስቀመጥኩት ጉድለቷ ለሱ ይሠራለታል። አጥሩ፣ መንገዱ፣ የኤሌክትሪክ እንጨቱ፣ አምባው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሽቶ ፊቱ ብቻውን ይቆማል። አንድ ሺ ጊዜ የሚበልጣት ካሜራ ሁሉንም እኩል አጥርቶ ያሳያል፤ ሰውየው ከአጥሩ ጋር ይፎካከራል።

ባለፎቶ ቤቱ፦ እንግዲያው ፊቱን መሃል አድርጊው። ግን በዚች ማያ ቀዳዳ መሃሉን በምን ታውቂዋለሽ? ቀዳዳዋ ከሌንሱ በላይ ናት። ራቅ ያለ ነገር ላይ ችግር የለውም፤ አንድ ሜትር ላይ ግን ቀዳዳዋ መሃል ያየሽው ፊት ፊልሙ ላይ ከመሃል ከፍ ብሎ ነው የሚያርፈው።

መምህርቷ፦ ስለዚህ ቅርብ ስሆን ካሜራዋን ትንሽ ቀና አደርጋታለሁ፤ በቀዳዳዋ ሳይ ፊቱ ከመሃል ዝቅ ብሎ ይታየኛል፣ ፊልሙ ላይ ግን ቦታውን ያገኛል። ርቀቱን ደግሞ በዓይን አልገምትም። ሌንሷ ዙሪያ አራት ሥዕል አለ፦ አንድ ሰው፣ ሦስት ሰው፣ ብዙ ሰው፣ ተራራ። አንድ ሰው የሚለው አንድ ሜትር ገደማ ነው፣ ሦስት ሰው ሁለት ሜትር። ከሥሯ ሲባጎ አስሬ አንድ ሜትርና ሁለት ሜትር ላይ ቋጥሬበታለሁ። ሰውየው ራሱ ጫፉን ይዞ ጉንጩ ላይ ያስነካዋል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ሰው ደስ ይለዋል፤ ሥራው ውስጥ እጁ ገባ ማለት ነው።

ባለፎቶ ቤቱ፦ ይሄ ነው የፎቶ ሥራ! ገመዱ ላይ በደንብ አደረግሽ። ለእማማም በር ላይ አስቀምጠሽ፣ በሲባጎሽ ለክተሽ ደግመሽ አንሺያቸው። ግድግዳቸውን ከኋላ አድርጊላቸው።

መምህርቷ፦ ግድግዳው ግን ይደበዝዛል።

ባለፎቶ ቤቱ፦ ይደብዝዝ። ለግድግዳው ሌላ ፎቶ አውጪ፤ አንድ ጥቅል አሥራ ሁለት ነው አላልሽኝም?

መምህርቷ፦ አሥራ ሁለት ነው። የመጀመሪያውን ፎቶ ግን አልጥለውም። ሁለቱንም አሳያቸዋለሁ፤ የትኛው ግድግዳ ላይ ይሰቀል የሚለውን እሳቸው ይምረጡ።

ባለፎቶ ቤቱ፦ ተስማምተናል። ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም እሄዳለሁ ብለሽኝ ነበር፤ እዚያ ውስጥ ብርሃን ምን ልታደርጊ ነው?

መምህርቷ፦ ቄሰ ገበዙን አስፈቅጃለሁ። የሚነሣውን ነገር እሳቸው ናቸው የሚያሳዩኝ፤ የዋግ ሹሞች አስከሬን ያረፈበትን አላነሣም። ውስጡን በ«ቢ» ነው፤ ሹተሩ ጣቴ እስኪለቀው ድረስ ክፍት ይቆያል። የማስቀመጫ እግር የለኝም።

ባለፎቶ ቤቱ፦ እግር ምን ያደርግልሻል? ቤቱ ራሱ ድንጋይ ነው። ከዓምዱ ሥር ወለሉ ላይ አስቀምጫት፣ ከሥሯ ነጠላ አጥፈሽ። ሂሳብሽ 10 ሰከንድ ካለ 20 ስጪው፣ ፊልም ጨለማ ውስጥ ሲቆይ ይሰንፋል። ጧፍ ካለ ፍሬሙ ውስጥ አታስገቢው፣ ከዓምዱ ኋላ ይሁን። ያኔ የድንጋዩ የመሮ ምልክት ይወጣልሻል። ጥቁርና ነጩን ደግሞ እኔ ጋ እናጥበዋለን።

መምህርቷ፦ ውኃውን ምን እናድርገው? ቧንቧው ከመጣ ሰንብቷል።

ባለፎቶ ቤቱ፦ ለዴቨሎፐሩና ለፊክሰሩ ጥቂት ይበቃል። የሚበላው ማለቅለቁ ነው። የሚፈስ ውኃ አያስፈልግም፤ ፊልም አምራቹ ኢልፎርድ የሚመክረው ዘዴ አለ። የማጠቢያ ጣሳውን ትሞዪና አምስቴ ትገለብጪዋለሽ፣ ትደፊዋለሽ። እንደገና ሞልተሽ አሥር ጊዜ፣ ትደፊዋለሽ። ሦስተኛው ላይ ሃያ ጊዜ። በሦስት ሙሌት ያበቃል። ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ግን የተጣራ ውኃ አቆዪልኝ፣ ያለዚያ የጨዉ ነጠብጣብ ኔጌቲቩ ላይ ይቀራል። ማተሚያውም አያስጨንቅሽ፤ ኔጌቲቩ 6 በ6 ሳንቲሜትር ስለሆነ ወረቀቱ ላይ አስተኝተሽ መስታወት ጭነሽበት በቀጥታ ይታተማል። ለእማማ ኪስ ልክ ነው።

መምህርቷ፦ የቀለሙን ጥቅል ነገ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ እልከዋለሁ።

ባለፎቶ ቤቱ፦ ፖስታው ላይ በትልቁ «ይታጠብ፣ አይቆረጥ» ብለሽ ጻፊበት። በካሜራሽ የተነሣው ሁሉ እኩል አይራራቅም፤ አንዳንዱ ተደራርቧል፣ አንዳንዱ ተጣብቋል። የሚያጥበው ልጅ ወይም ማሽኑ በለመደው ልክ ከቆረጠው ከከበሮ መቺዋ እጅ አንዱን ይዞት ይሄዳል። ሙሉውን ጥቅል ይላኩልሽ፣ መቀሱን እዚህ እኛ እናነሣለን።

መምህርቷ፦ በቀይ እስክሪብቶ ነው የምጽፈው። አድራሻዬንም በጀርባው።

ባለፎቶ ቤቱ፦ በፊቱም በጀርባውም ጻፊ።